ውሃ የሚጠጡ ቢላዎች

«እግዜር ያጥናሽ» ብላ ጎረቤቲቱ ሳትጨርስ ከግድግዳው ማዶ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደዚያው ዞረ። ከግድግዳው ማዶ ያለው የሟቹ ወርክሾፕ ነው። ከቀብር መልስ ማንም አልገባበትም። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉም በክር ታስሮ የሚስቱ አንገት ላይ ነው።

«አይጥ ነው» አለ አንድ የሰፈሩ ሾፌር።

«አይጥ ይቆረጥማል እንጂ እንደዚህ አይልም» አለች ጎረቤቲቱ። ወንበሯንም ከግድግዳው ሸሸት አደረገች።

ሟቹ አናጢ ነበር። ዕድሜውን በርና ቁም ሳጥን ሲሠራ ኖሮ በስተመጨረሻ ቢላ መሥራት ጀመረ። እንጨቱን ትቶ ብረት ሲያግል፣ ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ዲናሞ ነቅሎ መሞረጃ ማሽን ሲገጣጥም ያየው ሁሉ «ጃጀ» ነበር ያለው። አሁን እነዚያው ሰዎች ጥቁር ለብሰው «እጁ እኮ ወርቅ ነበር» ይላሉ። በቁሙ አንድ ቀን እንኳ ይህን ቢሉት ምን ነበረበት? ግን ሰው እንደዚህ ነው፤ መልካም ቃሉን ጆሮ ለሌለው ያስቀምጣል።

በሩ አጠገብ፣ ገቢና ወጪው እግሩን በሚረግጥበት ቦታ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም ተቀምጧል። የአንድ እናት ልጅ ቦታው እዚያ አልነበረም። ሲገባ ግን የተነሳለት የለም፤ እሱም ተነሱልኝ አላለም። እሱም አናጢ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን «እርጥቡ» ነው የሚለው።

እንደገና ቀጭ አለ። አሁን ረዘም ብሎ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማቃሰት ያለ ነገር ነበረው።

እርጥቡ አንገቱን ቀና አደረገ። ሌላው አይጥ ይበል፣ ሌላው በልቡ ሌላ ነገር ይበል፤ እሱ ድምፁን ያውቀዋል። ውሃው ሳይወጣለት የተሠራ እንጨት ሲሰነጠቅ ነው። ዕድሜውን ያበላሸበት ድምፅ እንዴት ይጠፋዋል? ነገር ግን ከዚያ ወርክሾፕ፣ ከወንድሙ ወርክሾፕ፣ ይህ ድምፅ ሊወጣ አይችልም።

«ይሥራ፣ ተዉት» አለች የሟቹ ሚስት፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ።

ጎረቤቲቱ አማተበች።

ድሮ ወርክሾፑ የሁለቱ ነበር። አንድ ቤት የሚቀይር ደንበኛ ቁም ሳጥን አዝዞ «ዛሬ፣ ነገ» እያለ ሲያጣድፈው፣ እርጥቡ ገና ውሃው ያልወጣለት ሳንቃ ላይ መላጊያውን አሳረፈ። የቁም ሳጥኑ በር ደንበኛው መኝታ ቤት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ታላቅየው አልተሳደበም። ቢሳደብ ይሻል ነበር። በሩን ነቅሎ ታናሹ ጀርባ ላይ ጫነበትና በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እስከ ወርክሾፑ አሸከመው። ራሱ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከኋላ ይከተላል። «ምን ሆናችሁ?» ላለው ሁሉ «እርጥብ ነው» ይላል፤ ለጸጉር አስተካካዩ፣ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ጥግ ላይ ለቆሙት ሥራ ፈቶች ሳይቀር። ስሙ በዚያው ጸደቀ። እርጥቡ በማግስቱ መሮውንና መዶሻውን ሰብስቦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በሰው ወርክሾፕ፣ ከሱ በኋላ ሙያ የለመዱ እያዘዙት፣ ጸጉሩ ሸበተ። ከወንድሙ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ዋልክ»፣ «ደህና ዋልክ» ይባባላሉ። ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበራቸውም።

የሬሳ ሳጥኑንም ከሱቅ ነው የገዙት። «ወንድምየው አለ አይደል?» ሲል አንዱ፣ ሌላው «ተወው ባክህ፣ መንገድ ላይ ይከፈትብናል» ሲለው በጆሮው ሰምቷል። በቀብሩ ዕለት ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን ሲያነሱ፣ እርጥቡ አንዱን ገፋ አድርጎ ከሥሩ ገባ። ሌሎቹ ቁመታቸው እኩል፣ ረጃጅም ናቸው። ሳጥኑ ወደሱ አዘነበለ። ውስጡ ያለው በቀስታ ወደሱ ሲንሸራተት በትከሻው ተሰማው።

«ኧረ ውጣ፣ ቁመትህ አይሆንም» አለው ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ሥጋ ሻጩ፣ በሹክሹክታ።

አልወጣም። እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ወንድሙ ወደሱ እንዳዘመመ ሄደ።

በማግስቱ ለቀስተኛው በዛና መቀመጫ ጠፋ። ሚስቲቱ ክሩን ከአንገቷ አወለቀች።

«ወርክሾፑ ውስጥ አግዳሚዎች አሉ። አውጣልን።»

«እኔ ነኝ የማወጣው?»

«ሌላ ማን አለው?»

ግቢውን ሲያቋርጥ የድሮው የወይራ ዛፍ ቦታው ላይ አለመኖሩን አየ። ጉቶው ብቻ ነው የቀረው፤ ፊቱ ገና ነጭ ነው።

ወርክሾፑ የሰጋቱራ ሽታ ጠፍቶበታል። የሚሸተው ዘይትና የተቃጠለ ብረት ነው። ትልቁ የሳንቃ መጋዝ የለም። በቦታው ላይ ወንድሙ የሠራው መሞረጃ ቆሟል። እርጥቡ ዞሮ ዞሮ አየው። ዲናሞው የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ሌላው ሁሉ እንጨት። እግሩ እንጨት፣ ክንዱ እንጨት፣ ጎማዎቹ እንኳ ከደረቅ ግንድ ተጠርበው የተስተካከሉ ናቸው። እንደ ቀበቶ የተጠመጠመ ቺንጋ የሆነው ብርጭቆ ወረቀት በእነሱ ላይ ይዞራል፤ የሚወጥረውም የበር ሞላ ነው። ብረት የሚበላ ማሽን ከእንጨት የሠራ ሰው። እርጥቡ አንዱን ጎማ በጣቱ ገፋ አደረገው። ያለምንም ድምፅ ዞረ። ሄዶ አግዳሚዎቹን ከሳንቃው ክምር ሥር ጎትቶ አወጣ፤ አቧራቸውን አራገፈ። ዞር ሲል ጎማው አሁንም ይዞራል።

ከመደርደሪያው ላይ የሰው እጆች ተደርድረዋል።

መጀመሪያ እንደዚያ ነው የመሰለው። ቀርቦ ሲያይ የደረቀ ጭቃ ነው። ሰው እርጥብ ጭቃ ጨብጦ ሲለቅ የሚቀረው ቅርፅ፤ የጣቶቹ ጉድጓድ፣ የመዳፉ መስመር፣ አንዱ ላይ የቀለበት ፋና። እጀታው ለባለቤቱ እጅ እንዲመች እያንዳንዱን ሰው ጭቃ አስጨብጦት ነው። ከየጭብጡ ፊት አንድ አንድ ቢላ ተኝቷል። ትልቁ የሥጋ ሻጩ ጭብጥ መሆኑን ወዲያው አወቀ፤ ሰውየው ሌባ ጣቱ ግማሽ ነው፣ ጭቃው ላይም ግማሽ ነው። የሾፌሩንም ለየ። የራሱን ፈለገ። የለም። ቢኖር ይገርመው ነበር፤ ባለመኖሩ ግን ደሙ ፈላ። መላ ሰፈሩን አስጨብጦ፣ የእናቱን ልጅ ዘለለ።

ያኔ እጀታዎቹን አያቸው። ሁሉም ተሰንጥቀዋል። እያየ ሳለ ጥግ ላይ ያለው ቀጭ አለ፤ ስንጥቁም ከአንዱ የነሐስ ችንካር ተነስቶ ወደ ሌላው፣ ማንም ሳይነካው፣ በቀስታ ሄደና እንደ ከንፈር ተከፈተ።

አንስቶ አሸተተው። ወይራ ነው። ጭማቂው እንኳ አልወጣለትም። እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በችንካር የተጣበቀበት ብረት ግን አይሰበሰብም፤ ስለዚህ በመሃል ይቀደዳል። ይህን የማያውቅ አናጢ የለም። ወንድሙ ደግሞ ይህን በማወቁ ነበር የሰው ጀርባ ላይ በር የጫነው።

እርጥቡ ሳቀ። ለቅሶ ቤት ጥግ ቆሞ፣ በአፍንጫው፣ ድምፁን አፍኖ ሳቀ።

«አንተም፣ ወንድምጋሼ?» አለ።

ጎማው ቀጥ አለ።

ሳቁ ከአፉ ላይ ደረቀ። አግዳሚዎቹን ተሸክሞ ወጣና በሩን ሁለቴ ቆለፈው።

ያን ቀን ሙሉ ሻይ ሲቀዳ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ እርጥቡ ሐሳቡ አንድ ነበር፤ አንዱን ቢላ አምጥቶ ከኩባያዎቹ መሃል ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ። ምንም መናገር አያስፈልገውም። ከለቀስተኞቹ መሃል ያለው ሶፋ ሠሪ ደግሞ አፉን የሚያሳርፍ አልነበረም።

«የሱ እንጨት አንዲት ቀን ፍንክች ብሎ አያውቅም» ይላል፣ ጮክ ብሎ፣ ወደ በሩ እያየ። «ሌሎች አሉ እንጂ፣ ቬርኒሹ ሳይደርቅ የሚበጠስባቸው።»

«እህ» ይላል ሾፌሩ፣ ሳቁን በሻይ እያወረደ።

እርጥቡ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትንሽ ቆዩ፣ አለ በልቡ።

ሰው ቀለል ሲል ሚስቲቱን ከጓዳ አገኛት። ኩባያ ታጥባለች።

«እትዬ፣ ወይራውን ማን ቆረጠው?»

«እሱ።»

«ምን አድርጎት?»

«ሐኪም ቤት ሄዶ መጣና ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ መጥረቢያ አንስቶ ወጣ። ምን እንዳሉት ለኔም አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ ሳንቃ ማንሳት ስላቃተው ቢላ ላይ ዋለ፤ ቢላ ቀላል ነው። ‹እንጨቱ ይድረቅ እንጂ› ስለው፣ ‹እሱ ሲደርቅ እኔ የለሁም› አለኝ።» ኩባያውን ደፋችው። «ጠዋት ጠዋት ውሃ ያርከፈክፍባቸው ነበር፣ እንደ አበባ። በእርጥብ ጆንያ ይሸፍናቸዋል። ‹እኔ ስተኛ አንቺ አጠጫቸው፣ ሰው እጅ እስኪገቡ ብቻ ነው› አለኝ። እኔ ደግሞ ረሳሁት። ይሄው ሲጮሁ ነው ትዝ ያለኝ። አሁን ውሃው ምን ያደርግላቸዋል?»

«ቢላዎቹ የእነማን ናቸው?»

«የተሸካሚዎቹ።»

አልገባውም።

«የሚሸከሙትን እሱ ነው የመረጠው» አለች። «ይጠራቸዋል፣ ጭቃ ያስጨብጣቸዋል፣ ሲወጡ በሩ ላይ ያቆማቸውና ‹ቀጥ በል እስቲ› ብሎ በትከሻቸው ልክ መቃኑ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ጨዋታ ይመስላቸው ነበር። እኔን ‹እነዚህን ንገሪያቸው፣ ቁመታቸው አንድ ነው፤ ውሃ ልክ ቢያስቀምጡብኝ እንኳ አልዘምም› አለኝ። ለቅሶው ሲነሳ ቢላቸውን እንድሰጣቸው አዞኛል። ነገ ነው።»

እርጥቡ አንዱን ኩባያ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ሰውየው ለቀብሩ ስንት ጊዜ ፈገግ እያለ እርሳስ እንዳነሳ አሰበ።

ሄዶ የወርክሾፑን መቃን አየ። የእርሳስ ምልክቶቹ እርስ በርስ ተነባብረው አንድ መስመር ሆነዋል። ከእነሱ በታች፣ ለብቻዋ፣ አንዲት ምልክት አለች።

«የታችኛዋ ያንተ ናት» አለች ሚስቲቱ ከኋላው።

«እኔ እዚህ ቆሜ አላውቅም።»

«በዓይኑ ነው የለካህ። በመስኮቱ ቆመህ አይተህ ስትሄድ የማያይህ መሰለህ? ‹አጠረብኝ› አለኝ አንድ ቀን። ‹እሱ ከገባ ሳጥኑ ያዘነብላል› አለ። ቆየና ደግሞ ‹ይግባ፤ ያዘንብል› አለ።»

ጥላው ሄደች። እርጥቡ ዙሪያውን አይቶ፣ ማንም አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ጀርባውን ለመቃኑ ሰጠና በእጁ ወደ ኋላ ዳሰሰ። ምልክቷ ከትከሻው ላይ ነበረች፤ ከፍም ዝቅም አላለችም። ወዲያው እንደ ሌባ ከበሩ ራቀ።

በመጨረሻው ቀን ማለዳ፣ ከሚሠራበት ቤት ያመጣውን ደረቅ እንጨት በብብቱ ይዞ ገባ። ሰው ሳይሰበሰብ እጀታዎቹን ሊቀይር ነው። ሐሳቡ ሞኝነት መሆኑን ያውቃል፤ የእነዚያ ሁሉ እጀታ በአንድ ጠዋት አይደርስም። ካልደረሰ ግን ዛሬ ቢላዎቹ ይወጣሉ፤ ሶፋ ሠሪው ያያቸዋል፤ እስከ ማታ ደግሞ የወንድሙ ስም በየሻይ ቤቱ መሳቂያ ይሆናል። ትናንት ይህንኑ ነበር የተመኘው።

ከመጀመሪያው ቢላ ላይ ችንካሩን አወጣ። አዲሱን እንጨት ቆርጦ ዲናሞውን አስነሳ። ማሽኑ አገሳ።

ከግድግዳው ማዶ አንድ ኩባያ ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ የብዙ ሰው ጸጥታ። ከዚያም የእግር ኮቴ፤ በሩ ተከፈተ። ሶፋ ሠሪው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ሾፌሩ፣ ሌሎቹም ፊታቸው አመድ መስሎ ቆሙ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለ ሾፌሩ። «ነፍሳችንን አወጣሃት እኮ። እኛ ደግሞ…» አልጨረሰውም።

ሶፋ ሠሪው ግን ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አርፏል። አንድ ቢላ አነሳ፤ ስንጥቁን በጥፍሩ ተከተለው፤ አሸተተው። ሌላ አነሳ።

«እርጥብ ነው» አለ በቀስታ። «ኑ እስቲ እዩ። ሁሉም እርጥብ። ወንድሙን በር አሸክሞ በከተማው ያዞረው ሰውዬ… ለካስ እኛ ስንት ዘመን…»

እርጥቡ ማሽኑን አጠፋው። ጎማዎቹ ግን መዞር አልተዉም፤ ሰዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን ተከሉባቸው። እርጥቡ ዝም ማለቱ ብቻ በቂ ነበር። ዝም ቢል ያ ስም ዛሬ ከሱ ላይ ወርዶ መቃብር ይገባል።

«እጀታው የኔ ሥራ ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«ብረቱን እሱ ነው የሠራው። እጀታው ላይ ሲደርስ ደከመው። ጠራኝ።»

«አንተን?» አለ ሶፋ ሠሪው።

«እኔን። ‹ና ጨርስልኝ› አለኝ። መጣሁ። ‹እንጨቱ አልደረቀም› ብሎኛል፤ አልሰማሁትም። እሱ የሚለውን ሰምቼ አውቃለሁ?»

‹ጠራኝ› የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ድምፁ ትንሽ ሰበር አለ። ሶፋ ሠሪው ዞሮ በሩ ላይ የቆመችውን የሟቹን ሚስት አየ።

«እውነት ነው?»

ሚስቲቱ ቢላዎቹን አየች፤ እርጥቡን አየች።

«ጠርቶታል» አለች። «ሁለቱ እዚህ ነበር የሚውሉት። ሻይ እያመላለስኩ እግሬ እስኪነቃ።»

እርጥቡ ቀና ብሎ አያት። እሱ ስለ ሻይ አላነሳም ነበር።

«አይ እርጥቡ» አለ ሾፌሩ ራሱን እየነቀነቀ። «ዛሬም አልደረቅክም።»

ሳቅ ሆነ። የተሸማቀቀ፣ የለቅሶ ቤት ሳቅ ነው፤ ሶፋ ሠሪውም በግድ ተቀበለው። ሚስቲቱ ሳትስቅ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ቢላዎቹን ለየባለቤታቸው መስጠት ጀመረች። ሾፌሩ ቢላውን በአንድ እጁ፣ ጭብጡን በሌላው ይዞ ዙሪያውን አየ።

«ቆይ» አለ። «እኛ እኮ… ቢላ የደረሰን የተሸከምነው ብቻ ነን።»

አንዱ ሳያስበው ትከሻውን ዳሰሰ። ሾፌሩ የገዛ እጁን ጭቃ፣ ትኩስ ነገር እንደያዘ ሁሉ፣ ቶሎ ብሎ አስቀመጠው። አንድ በአንድ ወጡ።

ሥጋ ሻጩ ብቻ ቀረ። የሱ ቢላ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ስንጥቁ ሳንቲም ያስገባል።

«በል ይሄን ጠግንልኝ» አለ። «ያበላሸኸው አንተ ነህ። እዚያ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

እርጥቡ ኮላ ፈልጎ ስንጥቁ ውስጥ አስገባ። ሊያስርበት የብረት ማጥበቂያውን፣ ሞርሳውን፣ ከፈተ፤ ዘጋው። እጀታው ለእጅ ተብሎ የተጠረበ ነው፤ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፤ ሞርሳ ቢይዘው ያደቀዋል። ስለቱን በጨርቅ ጠቀለለና እጀታውን በቀኝ እጁ ጨበጠው። ለትልቅ እጅ የተሠራ ስለሆነ ጣቶቹ ከጉድጓዶቹ አልገጠሙም። ጨበጠው፤ ስንጥቁ ተዘጋ።

እንደጨበጠው ወደ ለቅሶው ተመለሰ። በሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል ሥጋ ሻጩ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ጠጋ አለለት። ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሻይ መጣ፤ አልጠጣም። ከግድግዳው ማዶ ምንም አይሰማም። ሥጋ ሻጩ አንዴ ወደ እጁ ጎንበስ ብሎ አይቶ ቀና አለ፤ ስጠኝ አላለውም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ከሩቅ የመጡ፣ ዘግይተው የሰሙ ሽማግሌ ገቡ። በየተራው እየጨበጡ «እግዜር ያጥናችሁ» እያሉ ከእርጥቡ ዘንድ ደረሱ። ግራ እጁን ሰጣቸው። ሽማግሌው ግራውን ይዘው ቀኙን አዩት፤ ጣቶቹ ደም እስኪለቃቸው ነጥተዋል።

«ምን ይዘህ ነው ልጄ?»

«ኮላው እስኪይዝ ነው፣ አባባ» አለ።

ኮላው ከያዘ ቆይቶ ነበር።